ከፕላስተሩ ሥር

የሎውሄድ መንገድ ላይ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣
መጀመሪያ እንደ እንግዳ ማንኳኳት፣ ኋላ እንደ መዶሻ ምት፣
ከዚያ ጸጥ።
መሪው እጄ ላይ ደነደነ፤ ዳሽቦርዱ ባንዴ በራ፣
ከአንዲት ነጥብ በቀር፤ እሷንማ ሸፍኛት ነበራ።
የኤድመንተን ጥር ነው፤ ትንፋሽ መስታወት ላይ ይጋገራል፤
ጎታች መኪና እስኪመጣ ሰው ብዙ ነገር ያስባል፤
እኔ ግን አንድ፦ ለወንድሜ ምን ይባላል?

መኪናዋ የጋራ ናት፣ የኔና የልዑልሰገድ፤
እሱ ከሌሊት ጽዳት ሲገባ፣ እኔ ወደ ሥጋ ፋብሪካ ስሄድ፣
ደጃፍ ላይ እንተላለፋለን፤ ቁልፍ ከመዳፍ ወደ መዳፍ፣
«ነዳጅ አላት።» «እሺ።» «መንገዱ ያንሸራትታል።» «እሺ።»
እሱ ወደ እንቅልፍ።
አራት ወር ሙሉ እሱ ያሞቀው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤
ፊቱን ግን በቀን ብርሃን አላየሁ።

ጋሽ ሽመክት ካናዳ ሠላሳ ዓመት ቢኖርም፣
ብረትን በእንግሊዝኛ አይጠራም፤
ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ብሮንዚን ይላል፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣
ከአባቱ ቱታ ጋር አብሮ የወረደ።
ፊሊፒናዊው ሮሜል እንኳ «ኮፓውን ፍታ» ሲሉት አይደናገርም።
የዘይት መለኪያዋን መዘዘ፤ በጨርቅ አልጠረገም፤
የሚጠረግ የለም።

ኮፓው ሲወርድ አንድ ሲኒ የማይሞላ ዝቃጭ፣
በውስጡ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ወርቅ ዱቄት የሚያሳሳ።
«እንዳትሳሳት» አለኝ፤ «ይሄ የብሮንዚን ሥጋ ነው፤ ተፈጭቶ ያለቀ።
ብረትና ብረት አይዋደዱም፤
በመሃላቸው ከፀጉር የቀጠነች ዘይት አለች፣ ሽማግሌያቸው፤
እሷ የቀረች ቀን ይሳሳማሉ፤
ከተሳሳሙ ወዲያ ማን ያላቅቃቸው?»

«አይታደስም?» ስል ክራንክ ሻፍቱን በጥፍሩ ዳሰሰ፤
ጥፍሩ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ መልሱ ከአፉ ቀድሞ ደረሰ።
«ሬድ ዲር አንድ የተጋጨች አለች፤ ፊቷ የጠፋ፣ ሆዷ ጤና፤
ሞተሯን በሁለት ሺህ አራት መቶ። ለጉልበቴ ግን ቅዳሜ ኑና
ሁለታችሁም መብራት ያዙልኝ፤ ግማሹን እተዋለሁ።»

ቅዳሜ ልዑልሰገድ መጣ። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤
መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም።
ጋሽ ሽመክት ሽቦ ሊፈትሽ ቁልፉን አዞረና ጎንበስ አለ፤
ዳሽቦርዱን ቆረቆረ፤ የቁስል ፕላስተር ተላጠ፣
ከሥሩ ደግሞ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣
ከሥሩ ቀይዋ መብራት፣ እንደ አይጥ ዓይን ያፈጠጠች።

ጥቁሩ የኔ ነው። ኅዳር ላይ፣ ኩርባ በዞርኩ ቁጥር ስትጠቅሰኝ፣
«ልዑሌ ይሞላታል» ብዬ ነው የለጠፍኩት።
ጥጉ ተላቆ ሌሊት ብርሃኗ ሲሾልክ፣
«ታናሼ ይሞላታል» ብሎ የቁስሉን የደረበበት እሱ ነው።
ማን ምን ይበል?
ጋሽ ሽመክት ሁለቱንም አውራ ጣቱ ላይ ጠቀለለና
«ለመሆኑ የቆሰለው ማነው?» አለ።
ወንድሜ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ረዘመ፤
እኔ የያዝኩት መብራት ጣሪያው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ባዕዱ ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወረደ፤
መቶ ዘጠና ሺህ ኪሎሜትር፣ ማን ወዴት እንደነዳው ሳናውቅ።
ልዑሌ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ ገፋን፤ «ቀስ፣ ቀስ» አለ ሮሜል፣ በአማርኛ።
ሲነሣ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር። ለመድነው።

አሁንም ደጃፍ ላይ ነው የምንተላለፈው፤ አሁንም እሱ እየደከመ፣ እኔ እየቸኮልሁ።
የጨመረው ቢኖር ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ቀንና ፊርማ።
ዛሬ በእርሳስ፣ በዘይት አሻራ መሃል፦
«ለካሁ። ግማሽ ሊትር ጨመርሁ።
ሾርባ አለ፣ አሙቀው።
እሑድ ሥራ የለኝም። አንተስ?»