ስም ጥሪ

ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ አሥራ ሁለተኛ «ሐ»፣
የሐይቁ ነፋስ ሽታው ዓሣና ውሃ፣
ቆርቆሮው ጫፍ ላይ አባ ኮዳ ቆሞ ሲያንቀላፋ፣
የታቦር ጉም ደግሞ ሲገፈፍ ሲጠፋ፣
ስልሳ አንድ ስም ይዤ እቆማለሁ ፊት ለፊት፣
ከጠመኔው ቀድሜ፣ ከቀመሩ በፊት።

አንድ ስል «አለሁ»፣ ሁለት ስል «አለሁ»፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደ ማኅተም መቺ ሳላይ አልፌያለሁ፤
ድምፅ ቆጠርኩ እንጂ ሰው መቼ ቆጥሬ አውቃለሁ?

ቁጥር ዘጠኝ ላይ ግን ብዕሬ ይቆማል።
አምና እዚያ መስመር ላይ አንዲት ልጅ ነበረች፣
«ደህና ነሽ?» ለሚላት «ተመስገን» እያለች።
ሦስት ቀን በተከታታይ «ቀ» ጻፍኩባት በቀይ፤
ቀሪ ናት ብዬ እንጂ፣ ቀረች ብዬ ነው ወይ!
በአራተኛው ቀን ታናሽ እኅቷ መጣች፣
ደብተሯን ልትወስድ።

ከዚያ ሰው ሲናገር፣ «ምን ጎደላት?» አሉ፣
«ዝም በሉ፣ አታንሱት፣ ሌሎቹ ይሰማሉ።»
ዝም አልን።
ሌሎቹም ዝም ማለትን ከእኛ ተማሩ።

ዘንድሮ ሠላሳ አራት፣ ምንተስኖት ላንቃሞ።
አባቱ ያወጣው ነው፣ ለአምላኩ ለምስጋና ቆሞ፤
ባጃጁም ኋላ ላይ በቢጫ ተጽፏል።
ጥር ላይ ግን ጆሮዬ ያንኑ ስም ከፍሎ ሰማው፤
ምን ተስኖት?
ምን ተስኖት ይሆን?

የኳስ ታኬታውን ለታናሹ ሰጥቷል፣
ኮምፓሱን ለጎኑ፤ «ለምን?» ሲሉት ስቋል።
ድሮ የእሱ ሳቅ ከኋላ ወንበር ተነስቶ
ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይገባ ነበር በሩን ገፍቶ፤
አሁን ጥርስ ብቻ ነው።

ከደወል በኋላ አስቀረሁት፣
በውሃ ታንከሩ ጥላ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት።
በፊዚክስ ጀመርኩ፤ ፈሪ ነኝና።
ስለ ኳስ ቀጠልኩ፣ ስለ ባጃጅ ጎማ፣
ስለ ቤንዚን ወረፋ፣ እሱ ሳይሰማኝ፣ እኔም ራሴን ሳልሰማ።
ከዚያ ዘጠኝ ቁጥር ትዝ አለችኝ።
«ምንተስኖት፣ ልጄ፣
ለመሞት አስበህ ታውቃለህ?»

ሰማይ አልወደቀም።
አባ ኮዳው ከቆሻሻው ገንዳ አንድ እርምጃ ወረደ፣
ከአጥር ውጪ ሎንችን ጥሩንባ ነፍቶ ሄደ፤
ልጁ በስንጥር መሬቱን ጫረ፣ አጠፋ፣ ደግሞ ጫረ።
«አዎ፣ ቲቸር» አለ፣
«አለሁ» በሚልበት በዚያው ድምፅ።

«ጤና አለህ፣ እናት አባት አለህ፣ ምን ጎደለህ?» አላልኩም።
ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።
«ዛሬ ብቻህን አትውልም» አልኩት፣
«አታድርምም። ና፣ ተነስ፣ አብረን እንሂድ።»

የወይዘሮ ዘነበወርቅ ክፍል ድሮ የጠመኔ መጋዘን ነበር፤
ሁለት ወንበር አላት፣ አንድ የማይዘጋ በር።
ግድግዳው ላይ ተደግፎ ያወራ ልጅ ሁሉ
ጀርባው ነጭ ሆኖ ይወጣል።
ጓደኞቹም ያውቃሉ፤ አይስቁም፣ አይጠይቁም፤
በእጃቸው አራግፈውለት ያልፋሉ።

አባቱ መጣ ማታ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣
ቆብ በእጁ፣ ፊቱ አቧራ፣ ቃሉ ሁሉ ጠፋ።
ቆይቶ፣ «ማትሪኩ ይቅር» አለ፣
«ማትሪክ አባባ ብሎ አይጠራኝም።»

አልዳነም ገና። ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል አለው፤
በመዝገቤ «ፈ» ነው፣ ፈቃድ፣ በሰማያዊ የምጽፈው።
ሌሊት የሚከብደው ቀን አለ፤ ያኔ ይደውላል፤
ስልኬን ትራሴ ሥር ነው የማሳድረው።

ስም ጥሪዬ አሁን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣
ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አልፎ ያጉረመርማል።
ይበል። ስልሳ ጊዜ ቀና እላለሁ፣
ስልሳ ዓይን ጋ ደርሼ እመለሳለሁ፤
ዘጠኝ ላይ ስደርስ ክፍሉም አብሮኝ ዝም ይላል፤
ይሄኛው ዝምታ ግን ስም አለው።

ዛሬ ጠዋት፣ «ምንተስኖት?» አልኩ፤ ጠበቅኩ።
ወንበሩ ተንቋቋ።
«ዛሬ… ትንሽ አለሁ።»
ክፍሉ ሳቀ። እሱም።
መዝገቡ ለ«ትንሽ» ምልክት የለውም፤
ራይት አድርጌ አለፍኩ።
ሠላሳ አምስት።