ሦስተኛው

ውጪው አርባ ስድስት፤ ነሐሴ ነው፣ ሌሊት፣
ባሕሩ እንኳ ያልበዋል እንደ ጫኝ አውራጅ ፊት።
እኔ እዚህ ምድር ቤት፣ ከውኃ ማቀዝቀዣው ሥር፣
ቧንቧ አዳምጣለሁ፣ ግፊት ልቆጣጠር።
ከትንሿ መስኮት ወዲያ፣ በብረቱ ሆድ መሀል፣
የሩቢዲየም ጉም ባዶው ላይ ተንጠልጥሏል፤
ከፍጹም ዜሮ በላይ በጸጉር ስንጥቅ፣ ከሰናፍጭ ያነሰች ብናኝ፣
ዶክተር ሹሩቅ በጣቷ ካላሳየችኝ የማትገኝ።

«እንዲህ ሲበርዳቸው» አለችኝ አንድ ማታ፣
«እንደ ጠጠር መጋጨት ይቀራል፤ በዝግታ
እንደ ማዕበል ይሰፋሉ። ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ
በዚህች ቁልፍ ነው፤ እንደ ማግኔቱ መጠኑ።»

ወደ ግራ ስታዞር፣ ጉሞቹ ፊት ለፊት መጥተው ተላለፉ፣
እንደ አሳንሰር ሰዎች፣ ሳይነኩ፣ ሳይተቃቀፉ።
ወደ ቀኝ ስታዞር ተላትመው ዘለሉ፣
ጨለማው ላይ ተረጭተው ቀለበት መሰሉ።
ሌላ ቁጥር ላይ አቆመችው፦ ተሳሳቡ፣ ጠበቁ፣
ጠበቁና ፈነዱ፤ በገዛ መሳሳባቸው አለቁ።

«ሦስት ሲሆኑስ?» አልኳት።
ጓንቷን እያወለቀች፣
«ሦስቱ አንድ ላይ ከተጠጉ» አለች፣
«ሁለቱ ይጣመራሉ። ከጥምረቱ የተረፈው ጉልበት
ሦስተኛውን ይገፋዋል፤ ይወጣል በፍጥነት።
ጥንዶቹም አይቀሩም፤ ወጥመዱ አይዛቸውም።
መዝገብ ላይ ‹ጠፉ› ነው የምንለው፤ ሌላ ስም የለውም።»

ሙሰፋህ ትዝ አለኝ።
የካምፓኒው አውቶቡስ፣ የመጨረሻው ወንበር፤
ተማም፣ ሸዊትና እኔ፣ ሦስት ዓመት እንደዚያ ነበር፤
አንድ ፌስታል ዳቦ፣
ዓርብ ዓርብ ኮርኒሽ፣
ሁለት ጫፍ ያለው ማዳመጫ ለሦስት ሰው፣ በተራ፤
ተራ የሌለው ሰው ከንፈር እያየ የሚገምት፣ የሚያወራ።

አንድ ዓርብ ሁለቱ ጫፍ እነሱ ጆሮ ላይ ቀረ።
ተራዬን አልጠየቅሁም።
ማን ተጣላ? ማንም።
እነሱ ተጋብተው ራስ አልኸይማ ገቡ፣
እኔም ካምፑን ለቀቅሁ፣ ሌሊት ፈረቃ ያዝሁ፣
አልጋችንን ሦስት ኔፓሎች ተከራዩት አሉ።

ሹሩቅ መብራት አጠፋች። የግፊቱን ቁጥር ጻፍሁ፣
ሰዓቱን ጻፍሁ፣ ፈረምሁ።
በሩን ስከፍተው መነጽሬ ደመነ፤
በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፣ መልሶ ደመነ።
አውቶቡሱ መጣ፣ ባዶውን።
የኋላው ወንበር ክፍት ነበር።
ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥሁ።