ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ቀኑ፦ ሐሙስ ማታ። ቦታው፦ ፊጂ፣ ሲጋቶካ፣
ከወንዙ ማዶ አዳራሽ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲነካካ።
አጀንዳ፦ አንድ ብቻ። «የሙቀት ክፍሉ ይሠራ?»
ጸሐፊ፦ እኔ ሂርዴሽ፤ እስክሪብቶዬ ብርድ ሲመታት የምትኮራ።

«ከእያንዳንዱ ኪሎ ሦስት ሳንቲም ይዋጣ፣
ቀሪውን መንግሥት ይሙላ፣ ማሽኑ ከውጭ ይምጣ።»
መዝገቡ ላይ ያለው ይኸው ነው። ያልጻፍኩት ግን ብዙ ነው፣
አሁን ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ለራሴ ልናገረው።

ዝንቧ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤
መርፌዋን ትሰካለች፣ ፓፓያው አይጮህም።
ላዩ ወርቅ መስሎ ውስጡ ትል ያረግዛል፤
አንድ ትል፣ ወደብ ላይ፣ አንድ መርከብ ይይዛል።

ካውሻሊያን ጠይቁ። (አልጠየቃት ማንም፤
እሷም ከኋላ ወንበር ተነሥታ አታውቅም።)
አምና ስልሳ ካርቶን ልካ ነበር በስሟ፣
ለልጇ ትምህርት ቤት፣ ለጥርሷ ሕመሟ።
ከኦክላንድ የመጣው አንድ ገጽ ነው፣ ባለ ማኅተም፦
«ተቃጥሏል። የማቃጠያውን ይክፈሉ።» ሌላ ቃል የለም።
ያን ወረቀት ዛሬ በአራት አጥፋ፣ በጉያዋ ይዛ፣
ሳትናገር አምጥታ ዘረጋችው፣ እኔ ጠረጴዛ።

የእርሻ ቢሮው ዋይሳሌ በጠመኔ ሣጥን ሣለ፤
«ክፍል ነው፤ ትኩስ ነፋስ ይገባበታል» አለ።
«የፍሬው ልብ አርባ ሰባት ዲግሪ እስኪደርስ፣
ከዚያ ሃያ ደቂቃ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ።
ትሏ ትሞታለች፣ ፍሬው ግን አይቀቀልም፤
መርዝ የለው፣ ጭስ የለው፣ ሽታ እንኳ የለውም።»

ሽማግሌው ኢሶዋ ተነሣ፣ የወንበሩን ጀርባ ይዞ፦
(ድምፁ ቀስ ያለ ነው፣ እንደ ወንዛችን ጠዋት፣ ደብዝዞ)
«የእኔ ፓፓያ ምን አጠፋ? ማነው የከሰሰው?
‹ካላተኮሰው አልበላም› ብሎ ማነው የሚመልሰው?
እሺ ይሁን፣ ይሙቅ። ማን ይከፍላል መብራቱን?
ትልቁ ገበሬ ይወስዳል የመጀመሪያ ተራውን፤
እኛ ባለ አሥር ዛፍ፣ በር ላይ ስንጠብቅ፣
ፍሬያችን በካርቶን ውስጥ፣ ሳይታከም፣ ሲማቅቅ።»

ማንም አልሳቀም። እውነት ነበረው ነገሩ።
ዋይሳሌ ጠመኔውን አሸ፣ ነጣ የጣቱ ዳር ዳሩ።
ሊቀመንበሯ ኡላሚላ፣ ባለ ደበርጃን እርሻ፣
«ተራው በስም ፊደል ይሁን፤ ትልቅና ትንሽ አይኑር በድርሻ»
አለች። ይህንንም ጻፍኩ፦ ሁለተኛ ውሳኔ።
ዛኪር ጮኸ ከኋላ፦ «በፊደልማ ከሆነ፣ መጨረሻ ነኛ እኔ!»

ያን ጊዜ ነው የተሳቀው።

«ደጋፊ እጁን ያንሳ!» እጅ ወጣ። እጅ ምን አለ?
ጭቃ የደረቀበት፣ በፓፓያ ወተት የቆሰለ፣
ቀለበቱ የጠበበው፣ አውራ ጣቱ የጎደለ።
የካውሻሊያ ነበር ከሁሉ ቀድሞ የወጣው፣
ስሟን ሲጠሯት እንኳ ያን ያህል ያልበረታው።

ስልሳ ሦስት ሰው ነን። ደንቡ «አርባ ሁለት» ይላል።
ቆጠርኩ፦ አርባ አንድ። ደገምኩ፦ አርባ አንድ። ይጎድላል።

ከአምፖሉ ሥር አንዲት ዝንብ ነበረች፤
በኢሶዋ ጆሮ ዙሪያ ሄደች፣ ተመለሰች።
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ እጁን ሰዶ፣
ሽቅብ መታት።
ሳታት።
እጁ ግን እዚያው ቀረ፣ አየር ላይ፣ ማንም ሳያስገድደው ተገዶ።
ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። አየሁት።
ደክሞት ይሆን? ረስቶት?
አላወረደውም።

«አርባ ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። ኡላሚላ ፈረመች።
ዝንቧ የማን ደጋፊ ነበረች?

ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ላይ አገኘሁት፤ ማጭዱን በትከሻው፣
ሰላም ሳይለኝ ቆመ፣ መሬት መሬት እያየ፣ እንደሚያሳክከው፦
«አንተ የተማርከው ልጅ፣
ኢሶዋ በፊደል ሲቆጠር
ስንተኛ ነው?»