ማቀዝቀዣውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ሐይፋ፣ ሐዳር ሰፈር፣ ያረጀ ሲኒማ ቤት፣
ወንበሮቹ ተነቅለው ዛሬ ቀረጻ ያለበት፤
ወሩ ነሐሴ ነው፣ ወደቡ ይነዳል፣
በር ጠባቂ ነኝ፣ ላቤ ካንገቴ ስር ወደ ሆዴ ይወርዳል።
«ማቀዝቀዣውን አጥፋው» አሉኝ ከመስታወት ኋላ፣
«ጉርምርምታው ይቀረጽና ዜማው ይሆናል ሌላ።»
አጠፋሁት።

ሃያ ሁለት ባለ አውታር፣ ሸሚዛቸው ረጥቦ፣
ሃርፕ የምትደረድረው በኖታ ወረቀቷ ስታራግብ፣
አሚካም መሃል ቆመ መለከቱን ይዞ፣
ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ደንዝዞ።
ድሮ፣ ይላሉ፣ በፍጥነት ነበረ የሚታወቅ፣
እንደ ርችት የሚተኩስ፣ ዝም ማለት የማያውቅ።
አሁን ግን ቀስ ያለ፣ ለስላሳ የፍቅር ዜማ፣
አሥር ብቻ ሊነፋ፣ ከአውታሮቹ ሊስማማ።

ነፋ።

እኔ አዘዞ ነው ያደግሁት። እዚያ ጡሩንባ ሲነፋ
ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰፈር አንድ ሰው ጠፋ።
የዕድሩ ለፋፊ ነው፣ ጎሕ ሳይቀድ የሚዞረው፣
«እከሌ አርፏል፣ ቀብር ውጡ» ብሎ የሚናገረው።
ልቤ ድንግጥ አለ። ማን ይሆን? አልኩ በሆዴ።
በጣቴ ቆጠርኩ፤ ደህና ነው ያለኝ ሁሉ ዘመዴ።

መሪዋ ላሪሳ ወረቀቱን በዱላዋ ነክታ
«እዚህ ጋ ዕረፍት አለ» አለች፣ «አትቸኩሉ ለአፍታ።»
በእሷ አፍ ዕረፍት ዝምታ ነው፣ የሚቆጠር ተራ፤
በእኔ ጆሮ ያረፈ ሰው ነው፣ ስሙ ገና ያልተጠራ።

በሻይ ሰዓት ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ አጠገቤ፣
ከንፈሩ ላይ በረዶ ይዞ።
በተሰባበረው ዕብራይስጤ «ማን ሞተ?» አልኩት ከልቤ።
ሳቀ።
የዕድሩን ነገር ነገርኩት። ሳቁን ተወው።
«ሰውየው ፈጥኖ ነው የሚነፋው ወይስ ቀስ ብሎ?»
«አንዴ ይነፋል፤ ከዚያ ዝም።
ያኔ ነው መንደሩ ሁሉ ካልጋው ቀና የሚለው፤
ስሙ እስኪጠራ ድረስ
የሁሉም ሰው ሟች በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ያለው።»
«ምን ያህል ነው ዝምታው?»
ለክቼው አላውቅም። «ሁለት ትንፋሽ» አልኩት።
«ለልጅ ሲሆን፣ ሦስት።»
በረዶውን ከደረጃው ስር ጥሎ ገባ።

አራተኛው ዜማ ላይ
ቫዮሊኖቹ ወጥተው፣ ጫፍ ላይ ቆመው ሲጠብቁት
አልመጣም።
አንድ ትንፋሽ። የላሪሳ ዱላ አየር ላይ እንደ ቆመ።
ሁለት። ከቼሎው ተጫዋች አገጭ ላብ ጠብ አለ።
ሦስት።
አንገቴን ደፋሁ። የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁም፣
እስከ ዛሬም።
ከዚያ ነፋ፤ አንዲት ድምፅ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣
ስም ነበረች፣ እኔ የማላውቃት፣ ግን የተጠራች።

ሸክላው በሐኑካ ሰሞን ወጣ። ጀርባው በስም ተሞልቷል፤
ሃርፕ ደርዳሪዋ አለች፣ ፒያኖ የቃኘው ሳይቀር ተጽፏል።
እኔ የለሁም።
«አባዬ፣ አንተ የቱ ጋ ነህ?» አለችኝ ሞራን ልጄ።
«ቆይ» አልኳት፤ የፍሪጁን ሶኬት ነቀልኩ በእጄ።
አራተኛው ላይ ደረስን። ቫዮሊኖቹ ወጡ፣ ቆሙ።
«ይኸው» አልኳት።
«ምንም የለም እኮ!»
«እሱ ነኝ።»

ማታ ወተቱ ረግቶ እናቷ
«ማነው ይሄን የነቀለው?» ብትል
እኔና ሞራን ተያየን፤
ሁለት ትንፋሽ ያህል።