መብራት የጠፋ ጊዜ

«ጊታር ይገርፍ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ፣
ያንን ቃል ተዉና ወደ ሌላ እለፉ።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ክሩን የቀየርኩት፣
በየመድረኩ ጥግ ቁጭ ብዬ የቃኘሁት፣
እኔ ኦርኔላ ነኝ፤ እጁን የማውቅለት፦
ኤቫሪስቶ አይገርፍም።

የሉካንዳ ልጅ ነው፣ የሮሳሪዮ ሰው፤
አባቱ ቢላዋ መያዝ ሲያስለምደው
«አትጫን» ይለዋል፣ «ስለቱን እመነው፤
መገጣጠሚያውን ራሱ ያገኘዋል፤
ካጥንት የሚታገል ጣቱን ይቆርጠዋል።»
መምቻው ከስልክ ካርድ በመቀስ የወጣ፣
ቀለሙ በላቡ ታጥቦ የነጣ፤
ያቺን በሁለት ጣት ላላ አድርጎ ይይዛል፣
ክሩን አይመታውም፤ ነክቶት ብቻ ያልፋል።

በባንዱ ዘመንማ፣ ሃያ እንኳ ሳይሞላው፣
ቆርቆሮ ላይ ድንገት የወረደ በረዶ ነው።
ልጆች ሰዓት ይዘው ይቆጥሩ ነበረ፣
በሴኮንድ ስንት ድምፅ ከጣቱ እንደበረረ።
አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ከኮርዶባ መልስ፣ ጎማችን ፈንድቶ፣
«ኦርኔላ» አለችኝ ያቺ ድምፁ፣ ክሪኩን እያዞረ፣
«ቶሎ ቶሎ የሚያወራ፣ አንድ ነገር ቀበረ።»

ባንዱን ተወ።
ዘፋኝ የሌለው፣ ግጥም የሌለው አልበም ሊሠራ
ወደቡ አጠገብ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ተከራየ፤
ማታ ሲወጣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ነጭ ነበር።
ሰባት ድምፅ።
ለሰባት ድምፅ አንድ ክረምት ሙሉ።
ከኩባንያው ደወሉ፦ «ስንት አለቀ?»
«አንዱ ሊያልቅ ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ሦስተኛውን ክር በሦስት ጣት ይገፋል፤
ድምፁ ልክ ሊደርስ ሲል ትንሽ ይቀረዋል።
ከልኩ በታች ነው፣ ከስሕተቱ በላይ፤
እዚያ ያቆየዋል፣ እንደ እንግዳ በር ላይ
ሊያንኳኳ እጁን አንሥቶ እንደቆመ፣
ልግባ ልመለስ ሲል ቀኑ እንደጨለመ።

የካቲት ነው። ከፓራና ወንዝ የተነሣ ወበቅ
ሸሚዝ ከገላ አጣብቋል።
የሰፈር ክለብ፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳ፤ ሺህ ሁለት መቶ ሰው።
እጁ ወደዚያች ድምፅ ሲወጣ፣
እዚያው በሩ ላይ ሲደርስ፣
መብራት ጠፋ።

ከበሮው ሦስት ምት በልማድ ቀጠለ፣ አፍሮ ቆመ።
ባሱን የያዘው ራሚሮ የመብራት ኃይልን እናት ሰደበ።
ባትሪ ፍለጋ በጉልበቴ ስድህ
አንድ ነገር ሰማሁ፤ ትንኝ መሰለኝ።

አላቆመም።
ያለ ኤሌክትሪክ የኤሌክትሪክ ጊታር ምን ድምፅ አለው?
ከጉያ ያለፈ ማን ይሰማዋል?
የፊቶቹ ሰሙ፤ ወደ ኋላ ዞረው «እሽሽ» አሉ፣
እነዚያም ለኋለኞቹ፤ ዝምታው በረድፍ በረድፍ ተላለፈ፣
በረዶ ሻጩ ዘንድ ደረሰ፤ ሣጥኑን ቀስ ብሎ ከደነ።
ካርዷ ክሩን ስታልፍ፣ ጥፍሩ ብረት ሲነካ፣
በአፍንጫው ሲተነፍስ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት
ማጉያው ሲጮህብኝ ያልሰማሁትን ሁሉ ሰማሁ።
ያቺን ድምፅ ገፋት፣ ገፋት፤
ማጉያ የለ፣ የሚያቆያት የለ፤
ሳትደርስ ሞተች።
ማንም አላጨበጨበም፤ ማለቁን ማን ያውቃል?

መብራቱ ሲመጣ ማጉያው እንደ ታረደ ጮኸ።
ኤቫሪስቶ ድምፁን ዜሮ ላይ አደረገና
ወደኔ ጎንበስ አለ፦
«ሦስተኛው ክር ወርዷል። አልሰማሽም?»

ስልኮች ሁሉ ቀድተው ነበር፤ በኋላ ከፍቼ አየሁ፦
ጨለማ፣ የሰው ትንፋሽ፣ የአንድ ሕፃን ሳል።
ክሩን ግን ፈትቼ በሻይ ቆርቆሮ አኑሬዋለሁ።
ዝጓል። አንዳንዴ በጥፍሬ እነካዋለሁ፤
ወርዶ እንደነበር እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።