የላዩ ኪስ

ሌሊት ስምንት ተኩል ነው፤ ሐዋሳ ተኝታለች፣
ከሐይቁ ማዶ አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።
እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጓዝ እሸክፋለሁ፣
ጋሽ ዱካሞ ከአልጋቸው ያዙኛል፤ እታዘዛለሁ።
ዓይናቸው ከፈዘዘ ሦስት ዓመት ሊሆነው፤
ጆሯቸው ግን፣ ጆሯቸው… የቤቱ ዘበኛ እሱ ነው።

«በመጨረሻ የሚያስፈልግህን» ይላሉ «አስቀድመህ ክተተው፤
መጀመሪያ የምትሻውን ከሁሉ በላይ አድርገው።»
ይህን ሕግ የሰማሁት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።
ዛሬ ሠላሳን አልፌ፣ እንዳዲስ ይነግሩኛል፣
እንዳዲስ እሰማለሁ፤ ሌላ ምን ይሻለኛል?

ከሥር ደረቅ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ፣ በፌስታል የታሰረ፤
ከዚያ አሮጌው ሹራብ፣ የረግረግ ሽታ ያደረበት፣ ክርኑ ላይ የተሰተረ።
ቦቲ ጫማው ለብቻ፤ ግራው ቀዳዳ አለው፣
በብስክሌት ማስቲሽ ደፍኜዋለሁ፣
ውኃ ግን ፈልጎ ያገኘዋል፤ ዓመሉ ነው።

ፔርሙሱን ሳነሳ ገና ክዳኑ ሲንኳኳ፣
«በጨርቅ ጠቅልለው!» አሉ፤
«ዳክዬ የብረት ድምፅ ታውቃለች፣ ሩቅ ብትሆን እንኳ።»
ፈቃዱን በላስቲክ፣ ማኅተሙ እንዲታይ ገልጬ፣
ጨውና ሚጥሚጣውን ከክብሪቱ ለይቼ፣ ሲባጎውን በልኩ ቆርጬ፤
ዋሳውን በኮባ ቅጠል፤ ገና ትኩስ ነው፣ ላብ አለው።
«ከባሩዱ አርቀው!»
በምን እንዳወቁ እንጃ። ዝም ብዬ አራቅሁት።

ቀጥሎ የእንጨት ዳክዬዎቹ፤ አምስት ናቸው፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የወጡ፣
ሆዳቸው በእርሳስ የከበደ፣ በማዕበል እንዳይገለበጡ።
አንዷን እትዬ ላታሜ ቀቧት፣ ያኔ በሕይወት ሳሉ፣
ከመስኮቱ በተረፈ ሰማያዊ፣ «ሌላ ቀለም የለኝም» እያሉ።
እንዲህ ያለ አንገት ያላት ዳክዬ ሐዋሳ ላይ የለችም፣
አባያም ብትወርድ፣ ዝዋይም ብትወጣ አታገኝም።
ጎረቤት ሁሉ ሳቀ።
እውነተኞቹ ግን መጥተው አጠገቧ አረፉ፤ ስለ ቀለሙ አልተነፈሱም።

ለነገሩ ዳክዬ የሚበላ በሰፈራችን ማን አለ?
እሳቸውና እኔ ብቻ፤ ሌላው «ኧረ ወዲያ!» እያለ
ድስቱን በሩቁ ይዞራል።

ጥይቶቹን አንሥቼ አንድ በአንድ፣ ከቆርቆሮው ወደ ቀበቶ፣
ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ…
«ሰባት» አሉ ከውስጥ። «ስምንተኛው የት ገብቶ?»

ኪሴ ውስጥ ናት።
ያን ቀን፣ አብረን በወጣንበት የመጨረሻው ጧት፣
ደጋግመው አነጣጥረው፣ ደጋግመው ዓይናቸውን ጠርገው፣
«አይታየኝም» ብለው ከአፈሙዙ ያወጧት፣
ናሷ አረንጓዴ የሆነ፣ ሳትጮኽ የቀረች፣ እሷ ናት።

«እሷ አትሄድም» አልኩ።
አልጋው ሲጥ አለ። ከዚያ ብዙ ዝምታ።
ከውጭ አንድ ውሻ ጮኾ ተወው።

«ስልክህ ድምፅ ይቀዳል አይደል?» አሉ ቆይተው።
«ይቀዳል።»
«እንግዲያው ከሁሉ በላይ፣ የላዩ ኪስ አድርገው።
ተኩሱን አልፈልግም፤ ተኩስ ምን አለው? ርችትም ይጮኻል።
ከሱ በፊት ያለውን ነው፤ ገና ሳይነጋ
ፊላው ሲንሿሿ፣ አንዷ በእንቅልፍ ልቧ ስታጉተመትም፣
ከዚያ ሁሉም ባንዴ ሲነሡ፣ ክንፋቸው ውኃውን ሲመታው፣
እግራቸው ገና ሳይለቀው…
እሷን ታህል ቅዳልኝ።»
«ታዲያ መቼ ልተኩስ?» አልኩ።
«እሱን እዚያው ታየዋለህ።»

ኤርጎ ባጃጁን በር ላይ አቆመ፤
መብራቱ በአጥሩ ቆርቆሮ ሽንቁር ገብቶ
የሰማያዊቷን አንገት ዳበሰና አለፈ።
ቦርሳውን ዘግቼ፣ ወደ ትከሻዬ ብድግ ሳደርገው፣
«የቀኙ ማንገቻ ላልቷል» አሉ።

እውነትም ላልቷል። አጠበቅሁት።