ወደ ምዕራብ ዞሬ

ጥር ነው። ብሬመን ነው። ቬዘር ወንዝ ደንዝዟል፤
የተዋስነው ደብር ማሞቂያው ቀዝቅዟል።
የነሱ መጠመቂያ፣ የድንጋዩ ጽዋ፣
ሦስት ጣት ያርሳል እንጂ አትገባም ሕፃኗ፤
ስለዚህ ከገበያ፣ በዘጠኝ ዩሮ ዋጋ፣
ሰማያዊ ገንዳ ገዛን ቅዳሜ ሲነጋ።
የዋጋው ልጥፍ አልተላጠም፣ ዳክዬም አለበት፤
ዮርዳኖስ ሆነልን ካህኑ ሲባርኩት።
ውሃውን በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አፍልተን፣
ክርናችንን ነክረን፣ ሙቀቱን ለክተን።

እኔ ያቀፍኳት ነኝ፣ የክርስትና እናት፤
ቃል ለሌላት ሕፃን ቃል የሆንኩላት።
«ወደ ምዕራብ ዙሪ» አሉኝ ቀሲስ ስንታየሁ፤
ዞርኩ፤ በመስኮቱ የወደቡን ክሬን አየሁ።
«ክጄሃለሁ፣ ሰይጣን» አልኩ በሷ ፈንታ፤
ምዕራብ ነው እንጀራዬ፣ ምዕራብ የኔ ቦታ፤
ሰኞ ወደዚያው ነው ትራሙ የሚሄደው፤
የካድኩት ይሳፈራል፣ ቲኬትም የለው።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ። አመንኩ ስለ እሷ፤
ሦስቴ ጠልቃ ወጣች፤ ቤቱን ሞላው ድምጿ።
ሜሮን ቀቧት፦ ግንባር፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጆሮ፣
ከንፈር፣ ልብ፣ ትከሻ፣ ጣታቸው ተሻግሮ፣
ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ሠላሳ ስድስት በር፣
እንደ ቤት ተዘጋ ማንም እንዳይደፍር።
ማዕተብ አሰሩላት፤ ቆረበች፤ ወጡ ሰዎች፤
የቀረነው እኔ ነኝ፣ ገንዳው፣ ወንበሮች።

የተባረከ ውሃ ሽንት ቤት አይደፋ፤
ተሸክሜ ወጣሁ የሰው እግር ወደጠፋ፣
ከፖም ዛፉ ሥር። ጠባቂው፣ ኸር ብራንት፣
«ሴትዮ፣ በረዶ ይሠራል!» አለኝ በቁጣ ፊት።
በቋንቋው ላስረዳ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤
«የታጠበችበት ነው፤ ይቅርታ» አልኩ፤ ወጣሁ።
ምንም አልመለሰ። ጨው ይዞ መጣና
በተነው ከኋላዬ፣ በውሃዬ ፋና።

*

ሰኞ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ክፍል አስራ ሁለት፣
ፍራው ሄንኬ ትጠብቃለች፣ የዘጠና አንድ ዓመት።
«ያንቺ እጅ አይንካኝ» ትላለች፤ ምራቋን ትተፋለች፤
ሲሻት ደግሞ በሞተች እህቷ ስም ትጠራኛለች።
በዚያው በትናንት አፌ፣ ሰይጣን በካድኩበት፣
በአማርኛ ሰደብኳት፣ እንዳይገባት።
ውሃውንም ሆን ብዬ ቀዝቀዝ አደረግሁት፤
ስትንቀጠቀጥ አየሁ። ለማንም አልነገርሁት።

ገንዳው ሰማያዊ ነው። ያኔ ነው ያየሁት።
ቀለሙ ያው፣ ጆሮው ያው፤ ዳክዬ ነው የሌለበት።
ደፋሁት። ድጋሚ ቀዳሁ። ክርኔን ነከርኩበት።

አጠብኳት፤ አደረቅኳት፤ ቅባቱን አወጣሁ፣
የሐኪም ነው፣ ሽታ የለው፤ ከግንባሯ ጀመርሁ፤
ጆሮዋን ከኋላ፣ ትከሻዋን፣ ክርኗን፣
የጉልበቷን እብጠት፣ ቁርጭምጭሚቷን፤
አልቆጠርኩም እንጃ፤ እጄ ግን ያውቀዋል፣
በር በር እየፈለገ አንድ በአንድ ይሄዳል።
ሜሮን አይደለም ይሄ፤ ካህንም አይደለሁ፤
ስለ ሰው የካድኩትን ስለ ራሴ እክዳለሁ፤
ዛሬ ሰኞ፤ ነገም፤ ምናልባት ሐሙስ እረሳለሁ።

አጎንብሼ ሳለሁ ክሬን ያዘች በጣቷ፤
«ምንድን ነው?» ሳበችው፤ ተበጠሰ እፊቷ።
«የጥምቀቴ ነው» አልኳት። «እና?» አለች። ዝም አልኩ።
ጣቷን ፈልቅቄ ወሰድኩ፤ ሹራቧን ቆለፍኩ።

ማታ ወደ ምሥራቅ ትራሙ ሲመለስ
ቋጠርኩት፤ አጠረ፤ ጥብቅ አለ እንደ ልብስ።
ሦስተኛው ቋጠሮ ነው። በተበጠሰ ቁጥር
እያጠረ ይመጣል ወደ ጉሮሮዬ ሥር።
ተቆጣጣሪው መጥቶ «ቲኬት» አለ፤ ሰጠሁት።
ከጎኔ ያለው ወንበር፣ ለዛሬ፣ ባዶ ነው፤ ዞሬ አየሁት።